በረራዎ ሲሰረዝ ወይም ሰዓቱ ሲቀየር፦ «እሺ» ከማለትዎ በፊት

«የበረራዎ ሰዓት ተቀይሯል፤ አዲሱን ጉዞ ለማረጋገጥ እዚህ ይጫኑ።» እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰው አብዛኛው መንገደኛ የሚያየው አዲሱን ሰዓት ብቻ ነው። ሊቀበለው ለተዘጋጀው ዘመድ ይደውላል፣ አለቃውን አንድ ቀን ጨምርልኝ ብሎ ይለምናል፣ ከዚያም ማረጋገጫውን ይጫናል። ማረጋገጫው ግን ስምምነት ነው። በአንዳንድ አገሮች ሕግ አዲሱን ጉዞ ከተቀበሉ የትኬቱን ዋጋ ማስመለስ አይችሉም። መልእክቱ ደግሞ ይህን አይነግርዎትም፤ እንዲነግርዎት ተብሎ የተጻፈም አይደለም።

መጀመሪያ ኤርፖርት ላይ ሁልጊዜ የሚደባለቁ ሦስት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው የትኬቱ ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡ ይመለስ ወይስ በሌላ በረራ ይሂዱ? ሁለተኛው እንክብካቤ ነው፤ እስኪሳፈሩ ድረስ ማን ያበላዎታል፣ የት ያድራሉ? ሦስተኛው ካሳ ነው፤ ለባከነው ጊዜና ለእንግልቱ ከትኬቱ ዋጋ ተለይቶ የሚከፈል ገንዘብ። የአውሮፓን ሕግ ብንወስድ ሆቴል ማደር ካሳን አያስቀርም፣ በሌላ በረራ መሄድም አያስቀርም። ሠራተኛው «ሆቴል ሰጥተንዎታል እኮ» ሲል ስለ ሁለተኛው ብቻ እየተናገረ ነው። ስለ ሦስተኛው ዝም ማለቱ ካሳ የለም ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የሚነሳው የትኛው አገር ሕግ ይሠራል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ፓስፖርቱን ያስባል፤ ፓስፖርት እዚህ ቦታ የለውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘና የጀርመን ፓስፖርት የያዘ ጎን ለጎን ከተቀመጡ መብታቸው አንድ ነው። ወሳኞቹ በረራው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድና አውሮፕላኑን የሚያበርረው አየር መንገድ የየት አገር እንደሆነ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261 በ2004 ወጥቶ ከየካቲት 2005 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከኅብረቱ ኤርፖርት ለሚነሳ ማንኛውም በረራ ይሠራል፤ አየር መንገዱ የማንም ይሁን የማን። ወደ ኅብረቱ ለሚገባ በረራ ግን የሚሠራው አውሮፕላኑን የሚያበርረው የአውሮፓ አየር መንገድ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህ ለእኛ አንባቢዎች የሚገርም ውጤት ይወጣል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ደንቡ ይጠብቅዎታል፤ በዚያው አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ሲመለሱ አይጠብቅዎትም። በአንድ የደርሶ መልስ ትኬት ላይ መሄጃው ካሳ ያለው፣ መመለሻው የሌለው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከቦሌ የተነሱት በአውሮፓ አየር መንገድ ቢሆን ኖሮ መመለሻውም በተሸፈነ ነበር።

የካሳው መጠን በትኬቱ ዋጋ ሳይሆን በርቀት ይለካል። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ እስከ 3,500 ኪሎ ሜትር 400 ዩሮ፣ ከ3,500 በላይ 600 ዩሮ ነው። ሮምም ሆነ ፍራንክፈርት ከአዲስ አበባ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ስለዚህ ትኬቱን በርካሽ የገዛውም በውድ የገዛውም የሚጠይቀው 600 ዩሮ ነው፤ በነፍስ ወከፍ። አራት ትኬት የገዛ ቤተሰብ 2,400 ዩሮ ያገኛል። በቀረበልዎ ምትክ በረራ ከመጀመሪያው መድረሻ ሰዓት ከአራት ሰዓት ባልበለጠ ዘግይተው ከደረሱ አየር መንገዱ በግማሽ ቀንሶ 300 ሊከፍል ይችላል። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ደንቡን የራሷ ሕግ አድርጋ አስቀርታዋለች፤ እዚያ ለረጅም በረራ የሚከፈለው 520 ፓውንድ ነው።

የኢትዮጵያ መንገደኛ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ስለሚቀይር ማወቅ ያለበት አንድ ፍርድ አለ። አንዲት መንገደኛ ከበርሊን ተነስታ በካዛብላንካ በኩል ወደ አጋዲር፣ ሞሮኮ ስትሄድ ካዛብላንካ ላይ ወንበሯ ለሌላ ተሰጥቶ አራት ሰዓት ዘግይታ ደረሰች። አየር መንገዱ የሞሮኮ ነበር፤ ችግሩ የተፈጠረውም ሞሮኮ ውስጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በ2018 ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት እስከተገዙ ድረስ ከበርሊን የተነሳ አንድ ጉዞ ናቸው ሲል ወሰነ። በዚህ አተረጓጎም ከፍራንክፈርት በአዲስ አበባ በኩል ጎንደር ለጥምቀት የሚሄድ ሰው የጎንደሩ በረራ ተሰርዞበት ከሦስት ሰዓት በላይ ቢዘገይ፣ የተበላሸው የአገር ውስጡ ክፍል ቢሆንም ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ቁም ነገሩ አንድ ትኬት የሚለው ነው። የጎንደሩን ለብቻው ከገዙትና የአዲስ አበባው ዘግይቶ ካመለጠዎ ሁለቱ አይተዋወቁም። በተናጠል መግዛት አንዳንዴ ጥቂት ብር ያተርፋል፤ በበዓል ሰሞን ግን እኔ አልመክረውም።

አሁን ወደ «የሰዓት ለውጥ» እንመለስ። አየር መንገዶች ይህን አባባል ይወዱታል፤ ከ«ተሰርዟል» ይልቅ ጆሮ ላይ ይለሰልሳል። ሕጉ ግን የሚያየው የሆነውን ነገር ነው። በታኅሣሥ 2021 ያው ፍርድ ቤት በረራ ከአንድ ሰዓት በላይ ወደፊት ከመጣ፣ ማለትም ከታቀደው ቀድሞ እንዲነሳ ከተደረገ፣ እንደ ተሰረዘ ይቆጠራል ብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማታ ሊሄድ የነበረ ሰው ጠዋት ሂድ ሲባል ቀኑን ይነጠቃል፣ ጨርሶ ሊያመልጠውም ይችላል። በረራው ወደኋላ ሲገፋ ደግሞ በአብዛኛው እንደ መዘግየት ይታያል፤ ከ2009 ጀምሮ ባለው አተረጓጎም መድረሻው ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ መዘግየት እንደ ስረዛው ካሳ ያስገኛል።

ካሳው የሚወሰነው መቼ እንደነገሩዎትም ታይቶ ነው። ከ14 ቀን በፊት ካሳወቁ ካሳ የለም። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ካሳወቁ ከካሳ የሚያመልጡት ከሁለት ሰዓት በላይ የማይቀድምና ከአራት ሰዓት ባነሰ መዘግየት የሚያደርስ ምትክ ካቀረቡ ነው። ከ7 ቀን ባነሰ ጊዜ ከሆነ ምትኩ ከአንድ ሰዓት በላይ መቅደም የለበትም፣ ሲደርስም የሚዘገየው ከሁለት ሰዓት በታች መሆን አለበት። ካሳ በሌለበት ጊዜም ቢሆን ገንዘቡን የማስመለስ ወይም በሌላ በረራ የመሄድ ምርጫው የእርስዎ ነው። ከሦስት ወር በፊት ተሰርዟል ቢባሉም ምርጫው አይነካም።

እዚህ ላይ የጉዞ ወኪል ነገር ይመጣል። ከእኛ ሰው ብዙው ትኬቱን የሚገዛው ከሚያውቀው ወኪል ነው፤ በቋንቋው ያነጋግረዋል፣ አንዳንዴም ክፍያውን ይታገሠዋል። ችግሩ አየር መንገዱ ለውጡን የሚናገረው ለወኪሉ ሲሆንና ወኪሉ ሳይነግርዎ ሲቀር ነው። በ2014 ከአምስተርዳም ወደ ሱሪናም የሚሄድ በረራ ተሰረዘ። አየር መንገዱ ከአንድ ወር በፊት ለትኬት ሻጩ ድረ ገጽ አሳውቆ ነበር፤ መንገደኛው ግን የሰማው ሊበር 10 ቀን ሲቀረው ነው። አየር መንገዱ «እኔ ነግሬያለሁ» አለ። ፍርድ ቤቱ በ2017 የሰጠው መልስ፦ መንገደኛው በ14 ቀን ገደብ ውስጥ መስማቱን ማስረዳት ያለበት አየር መንገዱ ነው፤ ስላላስረዳ 600 ዩሮውን ይክፈል። አየር መንገዱ ከወኪሉ ጋር መካሰስ ከፈለገ የራሱ ጉዳይ ነው። ትኬት ሲቆርጡ የራስዎ ስልክና ኢሜይል መመዝገቡን ማየት ግን አይከፋም፤ የወኪሉ ስልክ ከተመዘገበ መልእክቱ ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳል።

«ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለው መልስ በጣም የተለመደ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። እውነት ሲሆን ካሳን ያስቀራል፤ ከባድ የአየር ጠባይ፣ የአየር ክልል መዘጋት፣ የበረራ ተቆጣጣሪዎች አድማ የዚህ ዓይነት ናቸው። የአውሮፕላን ብልሽት ግን በአብዛኛው አይደለም። በ2008 ፍርድ ቤቱ ብልሽት የአየር መንገድ የዕለት ተዕለት ሥራ አካል ነው ብሎ ወስኗል፤ አውሮፕላን ይበላሻል፣ መጠገንም የባለቤቱ ሥራ ነው። የራሱ ሠራተኞች ለደመወዝ ያደረጉት አድማም በ2021 እንዲሁ የአየር መንገዱ ጣጣ ተብሏል። እናም «በቴክኒክ ምክንያት» የሚል አጭር ደብዳቤ ከደረሰዎ የመጨረሻ መልስ አድርገው አይውሰዱት። ምን ተበላሸ፣ መቼ ታወቀ፣ ምን ጥረት ተደረገ ብለው ይጠይቁ።

ምክንያቱ በእርግጥ ከአቅም በላይ ቢሆን እንኳን ምግብና መኝታው አይቀርም። በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን ሰማይ በአመድ ሲዘጋው አንድ አየር መንገድ ይህ ከተራ ያልተለመደ ክስተት ያለፈ ነው፣ እንክብካቤም አይመለከተኝም ብሎ ተከራክሮ በ2013 ተረትቷል። የተሰጠው ነገር ከሌለ መንገደኛው ራሱ በመጠኑ አውጥቶ በደረሰኝ ያስመልሳል። በመጠኑ የሚለው ይሰመርበት፤ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ገብተው ሒሳቡን መላክ አያዋጣም።

ምትክ በረራ ላይም አንድ ነገር ልጨምር። «ቀጣዩ በረራችን ከሦስት ቀን በኋላ ነው» ሲሉዎ ነገሩ እዚያ አያበቃም። ደንቡ የሚለው በተቻለ ፍጥነት አድርሱ ነው፤ ፍርድ ቤቱም በ2020 የሌሎች አየር መንገዶች ወንበር መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት ብሏል። በስልክዎ ሌላ አየር መንገድ በዚያው ቀን ወንበር እንዳለው ካገኙ ቁጥሩን ይዘው ይጠይቁ። ገንዘብ ይመለስልኝ ካሉ ደግሞ በሰባት ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ በቫውቸር፣ ማለትም በገንዘብ ፋንታ ለሌላ ጉዞ በሚያገለግል ኩፖን፣ የሚሆነው እርስዎ በፊርማ ከተስማሙ ብቻ ነው።

አሜሪካ ሌላ ዓለም ናት። ለተሰረዘ በረራ እንደ አውሮፓው ቁርጥ ካሳ የሚያስከፍል ሕግ የላትም። ገንዘብ በማስመለስ ረገድ ግን ጠንካራ ናት፤ ሕጉ ወደ አሜሪካ ለሚገቡም ከአሜሪካ ለሚወጡም በረራዎች በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባም ሆነ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ማለት ነው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በ2024 ባወጣው ደንብ፣ በረራ ከተሰረዘ ወይም በጉልህ ከተቀየረና መንገደኛው ምትኩን ካልተቀበለ ገንዘቡ ይመለሳል፤ «የማይመለስ» ተብሎ የተሸጠ ትኬትም ቢሆን። ጉልህ የሚባለውም ለግምት አልተተወም። ዓለም አቀፍ በረራ ስድስት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ከተነሳ ወይም ዘግይቶ ከደረሰ፣ የአገር ውስጡ ደግሞ ሦስት ሰዓት ከሆነ፣ የመነሻው ወይም የመድረሻው ኤርፖርት ከተቀየረ፣ በመሃል መቆሚያ ከተጨመረ ጉልህ ነው። በክሬዲት ካርድ የተከፈለ በሰባት የሥራ ቀን፣ በሌላ መንገድ የተከፈለ በ20 ቀን ውስጥ ይመለሳል።

መጀመሪያ ያነሳሁት የ«ያረጋግጡ» ነገር የሚከብደው እዚህ ነው። ምትኩን ተቀብለው ከተጓዙ ተመላሽ የለም። ስለዚህ አዲሱ ጉዞ የማይመችዎ ከሆነ በግልጽ «አልቀበልም፣ ገንዘቤ ወደ ከፈልኩበት ካርድ ይመለስ» ብለው በጽሑፍ ይላኩ። ቫውቸር ሲያቀርቡልዎም እንዲሁ። በኮሮና ዘመን ብዙ አየር መንገዶች በገንዘብ ፋንታ ቫውቸር ለማደል ሞክረው ነበር፤ በኅዳር 2022 መሥሪያ ቤቱ ስድስት አየር መንገዶች ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመንገደኞች እንደመለሱ አስታውቆ ቅጣትም ጥሎባቸዋል። ከስድስቱ አምስቱ የውጭ አገር ነበሩ። ትኬቱን የገዙት ከወኪል ከሆነ በባንክ መግለጫዎ ላይ የማን ስም እንዳለ ይመልከቱ፤ ገንዘቡን መመለስ ያለበት በዚያ ስም የተጠቀሰው ነው።

ካናዳ በመሃል ቤት ናት። ከ2019 ወዲህ ትልልቅ አየር መንገዶች በራሳቸው ቁጥጥር ሥር ባለና ከደኅንነት ጋር ባልተያያዘ ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ ከሰረዙ፣ በመዘግየቱ ርዝመት ከ400 እስከ 1,000 የካናዳ ዶላር ይከፍላሉ። ደንቡ ከካናዳ ለሚወጡትም ወደ ካናዳ ለሚገቡትም ነው።

እስራኤል የራሷን ሕግ ያወጣችው በ2012 ነው፤ ለእኛ መንገደኛ ከአውሮፓው ይሻላል ብል ማጋነን አይደለም። ከቴል አቪቭ የሚነሳውንም ወደ ቴል አቪቭ የሚገባውንም ይሸፍናል፣ አየር መንገዱ የማንም ቢሆን። አዲስ አበባ ላይ የተሰረዘ የቴል አቪቭ በረራም ውስጡ ነው። በረራ ሁለት ሰዓት ከዘገየ ምግብና መጠጥ፣ አምስት ሰዓት ከሆነ ገንዘብ የማስመለስ ወይም ሌላ ትኬት የመውሰድ ምርጫ፣ ስምንት ሰዓት ሲደርስ እንደ ተሰረዘ ተቆጥሮ ካሳ አለ። ሕጉ ሲወጣ ካሳው እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር 1,250 ሰቅል፣ እስከ 4,500 ኪሎ ሜትር 2,000 ሰቅል፣ ከዚያ በላይ 3,000 ሰቅል ነበር፤ ከዋጋ ንረት ጋር ስለሚስተካከል ዛሬ ከዚህ ይበልጣል። አዲስ አበባ ያለችው በመካከለኛው ምድብ ነው። የ14 ቀኑ ማስታወቂያ እዚያም አለ።

ሳዑዲ ዓረቢያም ከኅዳር 2023 ጀምሮ የምትሠራበት አዲስ የመንገደኞች መብት ደንብ አላት፤ አቤቱታውን የሚሰማው የአገሪቱ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ትኬቱን አሠሪ ቆርጦልዎ ከሆነ የተመላሹ ገንዘብ ወደ ከፈለው ሰው ሊሄድ እንደሚችል ይወቁ፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ ምትክ በረራ መጠየቅ ይሻልዎ ይሆናል።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀረውስ? ለምሳሌ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም፣ ወይም ወደ ናይሮቢ? እዚህ የሚሠራው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ስምምነቱ በመዘግየት ለደረሰ ጉዳት አየር መንገዱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ጉዳቱን ለማስቀረት የሚጠበቅበትን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ግን ነፃ ይወጣል። ከአውሮፓው የሚለየው እዚህ ቁርጥ ክፍያ አለመኖሩ ነው። ምን አጡ? የከፈሉት ሆቴል፣ ያመለጠ ሌላ ትኬት፣ የተቆረጠ ደመወዝ እያሉ በማስረጃ መቁጠር ይኖርብዎታል፤ ለድካምና ለብስጭት ብቻ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም። ጣሪያው ከታኅሣሥ 2024 ወዲህ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ 6,303 ነው፤ ወደ ዶላር ሲመነዘር ከ8 ሺህ ይበልጣል። በረራው ጨርሶ ሲሰረዝ ስምምነቱ ይሠራል ወይ በሚለው ላይ የየአገሩ ፍርድ ቤቶች አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም፤ ዘግይተውም ቢሆን ካደረሱዎ ግን ክርክሩ ይቀላል። ክሱን ትኬቱ በተገዛበት የአየር መንገዱ ቢሮ አገር፣ በአየር መንገዱ ዋና መሥሪያ ቤት አገር ወይም በጉዞው መድረሻ ማቅረብ ይቻላል።

በተግባር ሲታይ ብዙ ጥያቄ የሚወድቀው በሕግ ሳይሆን በወረቀት ነው። የለውጡን መልእክት ሳያጠፉ ምስሉን ያስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ትኬት፣ ቦርዲንግ ፓስና ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። ኤርፖርት ላይ የስረዛውን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከወር በኋላ የሚመጣው ምክንያት አንዳንዴ ከዚያን ቀኑ ጋር አይመሳሰልም። የካሳ ጥያቄውን የሚያቀርቡት ትኬቱን ለሸጠው ሳይሆን በረራውን ሊያበርር ለነበረው አየር መንገድ ነው፤ በትኬትዎ ላይ የአንዱ ስም፣ በአውሮፕላኑ ላይ የሌላው ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የትኬት መለያ፣ የበረራ ቁጥር፣ ቀን፣ የየመንገደኛው ስም፣ የሚጠቅሱት ሕግና የሚጠይቁት መጠን ይበቃል። እንግልቱን በአራት ገጽ መተረክ ካሳውን አያሳድገውም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በረራው ሲቀየር ተበሳጭተው በሌላ አየር መንገድ በራስዎ ገንዘብ ከሄዱ፣ ለመጀመሪያው አየር መንገድ ሳይናገሩ አይሂዱ። መሄጃውን ሳይጠቀሙ ከቀሩ መመለሻውንም ሊሰርዘው ይችላል። «መመለሻዬን እጠቀማለሁ፣ ይጠበቅልኝ» የሚል መልስ በጽሑፍ ይያዙ።

አየር መንገዱ እምቢ ካለ በአውሮፓ በየአገሩ ያለ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትና የሽምግልና ተቋም አለ። ካሳ አስከፋይ ኩባንያዎችም አሉ፤ ሥራውን ይሠራሉ፣ ከሚገኘው ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ራስዎ ጽፈው ቢሞክሩ ይሻላል፤ ኩባንያው ከዚያ በኋላም አይጠፋም። የአውሮፓ አባል አገሮች መንግሥታት በሰኔ 2025 የሦስት ሰዓቱን ገደብ ከፍ ለማድረግና የካሳውን መጠን ለመቀየር ሐሳብ ስላቀረቡ፣ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት የወቅቱን ቁጥር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጊዜውም ይጠበቅ፦ በጀርመን የመጠየቂያ ጊዜው በረራው ከነበረበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው፣ በእንግሊዝ ስድስት፣ በሞንትሪያል ስምምነት ሁለት፣ በካናዳ ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ።